ቀይ ቀለም የተቀባ በር፦ ምልክቶች ስለሚያሠሩን ሥራ

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በነዋሪዎች የቅዳሜ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ጭቃ ከየብሎካችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ምልክት ነው፤ በር ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ ኪስ ውስጥ ስላለው ምልክት። ዓመቶችን ስጠራ ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባሉት መንደሮች አቋርጦ የመጣ ሰው፣ አጥር ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አይቷል። አንዲት ፊደል አልተጻፈበትም። የሚጠጣውም የማይጠጣውም ግን እዚያ ቤት ጠላ እንዳለ ያውቃል። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ቢሆን ጣሳው እንዲደርቅ የተሰቀለ ይመስለው ነበር። ጠላ አይመስልም፣ ጠላ አይሸትም፤ ጠላ ያደረገው የእኛ ስምምነት ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ (1839–1914) ምልክቶችን ሲለይ፣ አንዳንዱ የሚወክለውን ነገር ይመስላል አለ፤ መጸዳጃ ቤት በር ላይ እንዳለው የሴት ሥዕል። አንዳንዱ ከነገሩ ጋር በምክንያት የተያያዘ ነው፤ ጭስ ካየን እሳት እንዳለ እናውቃለን። ሌላው ግን በልማድና በስምምነት ብቻ የቆመ ነው። ጣሳውን እዚህ የመጨረሻው ውስጥ ሳስገባው አንድ ተማሪዬ «ጠላ የሚጠጣበት ዕቃ ስለሆነ ዝምድና አለው» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ምልክቶች በአንድ ሣጥን አይገቡም። ቢሆንም የዛሬው ጉዳዬ በስምምነት የቆመው ነው፤ ጉልበቱም አደጋውም እዚያ ስላለ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ምልክት ከመጠየቅ ያሳርፈናል። ጣሳውን ያየ ሰው በር አያንኳኳም፣ «ጠላ አላችሁ?» አይልም፤ ዘው ብሎ ይገባል። ይህ ዕረፍት ባይኖር ከተማ ውስጥ መኖር አንችልም ነበር። ጥያቄው ከመጠየቅ ያረፍነው የት ላይ ነው፣ ከማረፋችንስ ማን ይጠቀማል የሚለው ነው።

መልካሙን አስቀድሜ ልናገር። አንዲት እናት ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ የሚያገኛት ጎረቤት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለመልስ አይጨቃጨቃትም፤ ወጣቱ ተነሥቶ ወንበር ይለቅላታል። ማንም «ማን ሞተብሽ?» ብሎ አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ሐዘንተኛ ሰው ሐዘኑን በየደረጃው እያስረዳ እንዳይሄድ አገሩ አስቀድሞ ያሰበበት ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ ደግነት የሚያሠራ ምልክት አላውቅም። ከዱከም መለስ መንገድ ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ ሲቆምም እንዲሁ ነው፤ በማታ የሚመጣው ሹፌር ሕይወቱን የሚያተርፈው ቆሞ ጠይቆ ሳይሆን ቅጠሉን አምኖ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ።

አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት ማርትሬዛ ለምልክት ተማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ በ1780 ሞተች። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በተመታ ቁጥር ያንኑ 1780 እንደያዘ ቀጠለ፤ ሴትየዋ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም በሐረርና በሸዋ ገበያ ሠንጋና ቡና የሚገዛው በእሷ ፊት ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ብሩን በየገበያው እየመዘኑና እያቀለጡ መፈተን የሚችል ነጋዴ ጥቂት ስለሆነ ሰው ዓይኑን ምስሉ ላይ ጣለ። የግንባር ጌጧን ዕንቁ ያያል፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ማያያዣ ያያል፤ ከምስሉ ሥር ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ማንበብ ባይችልም፣ መኖራቸውን ያያል። ዕንቁው ከተፋቀ፣ ምስሉ ካላማረው፣ ብሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን «መልስ» ይላል።

ዐፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አስመቱ። በክብደትም በጥራትም ከማርትሬዛ የሚተናነስ አልነበረም። ገበያው ግን አመነታ፤ የገዛ ንጉሡን ፊት ትቶ የሞተችውን የባዕድ ሴት ፊት መረጠ። ይህን የንጉሥ ጥላቻ አድርጎ የሚተረጉም ካለ ተሳስቷል፤ ያው ሕዝብ ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡን ተከትሎ ዓድዋ ዘምቷል። ሰውየው ብሩን ሲቀበል ስለ ራሱ ፍቅር አያስብም። የሚያስበው «ነገ እኔ ስሰጠው የሚቀጥለው ሰው ይቀበለኛል ወይ?» ብሎ ነው። የሚቀጥለውም ስለሚቀጥለው ያስባል። ምልክት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ስላመንኩበት ብቻ አይሠራም፣ ሌላው እንደሚያምንበት ማመን አለብኝ።

ኢጣሊያም ይህን በኪሳራ ተማረች። በ1918 ለኤርትራ ማርትሬዛን የሚመስል፣ ግን የራሷ የሆነ ብር አስመታች። ነጋዴው አገላብጦ አይቶ ተወው። በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ግን መምሰሉን ተወችና የማርትሬዛን የመምቻ ቅርጽ ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ ራሱን ማርትሬዛን ትመታ ጀመር። አገሪቱን በጦር ሊይዝ የመጣ ኃይል ለገበያው ሲሆን የሟቿን ሴት ፊት ይዞ መጣ! መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ የሚያምነውን ምልክት መቀየር አልቻለም። እኔ በበኩሌ ስለ ምልክት ጉልበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ይህ የጥንት ወሬ ነው የሚል ካለ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ን ያስታውስ። አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችና ከዚያ በፊት ያልነበረው ባለ 200 ይፋ ሆኑ፤ አሮጌው ለመለወጥ ሦስት ወር ተሰጠው። ወረቀቱ በሦስቱ ወር ውስጥ አላረጀም፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ፍራሽ ሥር የተረሳ መቶ ብር ግን ከቀነ ገደቡ በኋላ ሻይ አይገዛም። የ5 ብር ኖት እንደነበረ ስለቀጠለ ከእሱ ይበልጥ የሚቀደደውና የሚቆሽሸው አምስት ብር ገንዘብ ነው፤ ንጹሑ አሮጌ መቶ ግን ወረቀት ነው።

ከገንዘብ ወደ ልብስ ልሻገር። አደባባዩ ዳር ሸራ ዘርግተው ካልሲና የስልክ ሽፋን የሚሸጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። የደንብ አስከባሪ ልብስ ከሩቅ ብቅ ሲል አንዱ ያፏጫል፣ ሸራው በአራት ጫፉ ይሰበሰባል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጃኬት የለበሰ መንገደኛ ሲያልፍ ሁሉም ሲበተኑ አይቻለሁ። ሰውየው ራሱ ደንግጦ ከልጆቹ ጋር ሊሮጥ ምንም አልቀረውም።

ሊዮናርድ ቢክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1974 ያሳተመው ጥናት ስለዚሁ ነው። በኒው ዮርክ ብሩክሊን ጎዳና ላይ ወጣቶችን አቆመ። አንዱ ተራ ኮትና ክራቫት፣ አንዱ የወተት አዳይ ልብስ፣ አንዱ የጥበቃ የሚመስል የደንብ ልብስ ለብሷል። መንገደኛውን አስቁመው «ይህን የወደቀ ከረጢት አንሣ»፣ «ለዚያ ሰውዬ ለመኪና ማቆሚያ ሳንቲም ስጠው» ይሉታል። የጥበቃ ልብስ ለለበሰው የታዘዘው ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ነበር። ይበልጥ የገረመኝ ቀጣዩ ነው፤ ጥበቃ መሳዩ ትእዛዙን ሰጥቶ ዞር ብሎ ቢሄድ እንኳ ሰዎቹ ታዘዙት። ልብ በሉ፤ ሰውየው ጥበቃ አልነበረም፣ ቢሆንም ኖሮ ጥበቃ መንገደኛን ለሌላ ሰው ሳንቲም ስጥ የማለት ሥልጣን የለውም። ሰዎቹ ግን ልብሱን ሲያዩ «ሥልጣኑ እስከ የት ነው?» ከማለት አረፉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ምልክት ሁሉን ያደርጋል የሚል ወሬ ይበዛል፤ ግማሹ ሽያጭ ነው። በ2006 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ዝነኛ ጥናት አለ። ሠራተኞች ሻይና ቡና ራሳቸው ቀድተው ገንዘቡን በእምነት ሣጥን ውስጥ በሚጥሉበት ክፍል፣ አንድ ሳምንት የአበባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሰው ዓይን ሥዕል እየተፈራረቀ ተለጠፈ። ዓይኑ በተለጠፈባቸው ሳምንታት የተከፈለው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ ይህን እየጠቀሰ የዓይን ፖስተር ያልለጠፈ የለም። በ2017 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ሥራ ግን የዓይን ሥዕል የሰውን ልግስና ስለመጨመሩ ማስረጃ አላገኘም። ለእኔ ይህ ከማርትሬዛው ጋር ይገጥማል። ከጀርባው የሚያይ ሰው የሌለው ዓይን ወረቀት ነው። በየብሎካችን «ካሜራ አለ» የሚለውን ጽሑፍ፣ ካሜራ አለመኖሩን ካወቁ በኋላ ልጆች ኳስ ሲያነጥሩበት ታያላችሁ።

የፍጥነት መንገዱም ምስክር ነው። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ እዚሁ ከእኛው ሰፈር ይነሣል። አደባባዩ ላይ ዜብራውን ረግጦ እናቶችን የሚያስሮጥ ሹፌር፣ ክፍያ ጣቢያውን ሲያልፍ መሥመሩን ይዞ ጨዋ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፣ የአስፋልቱ ነጭ ቀለምም ያው ነው። እዚያ ሌሎቹ እንደሚያከብሩት ያውቃል፤ አደባባዩ ላይ ደግሞ ማንም እንደማያከብረው ያውቃል።

ሰው ለምልክት ሕይወቱንም ይሰጣል። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1930 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጋር የቆመ ነው። ፋሽስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የዐፄ ምኒልክን ሐውልት ነቅለው ቀበሩት፤ አንበሳውን ጭነው ሮም ወስደው አቆሙት። ጁን 15 ቀን 1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለ ወጣት ኤርትራዊ እዚያ አንበሳው ዘንድ ጎራዴውን መዘዘ፤ ሰዎች አቆሰለ፣ ተያዘ። ስለዚያች ቀን የሚተረከው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያደር የተጨመረበት አለ። የታወቀው ግን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ አስገብተውት በ1945 እዚያው ኢጣሊያ መሞቱ ነው። የነሐስ አንበሳ ነቅሎ ባሕር አሻግሮ በዋና ከተማው ያቆመ መንግሥት ጤነኛ ሆኖ፣ ያንን አንበሳ አይቶ የነደደው ወጣት እብድ ተባለ። ሁለቱም ግን ነሐሱ ነሐስ ብቻ እንዳልሆነ እኩል ያውቁ ነበር። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ወደ ሁለት የሰፈራችን ምልክቶች ለመምጣት ነው።

አንደኛው ቀይ መስቀል ነው። በየመድኃኒት ቤቱና በየክሊኒኩ ግድግዳ፣ አንዳንዴ የእንስሳት መድኃኒት በሚሸጥበት ሱቅ ሳይቀር ተሥሎ ታዩታላችሁ። በ1864 በጄኔቭ ስምምነት ሲወሰን ትርጉሙ አንድ ነበር፦ ይህን የያዘ ቁስለኛ የሚያነሣ ነው፣ አትተኩስ። ኦቶማኖች በ1876 በቀይ ጨረቃ መጠቀም ጀመሩ፤ በ2005 ደግሞ ቀይ ክሪስታል ተጨመረ። ሦስቱም የሚሉት «አትተኩስ» ነው እንጂ «መድኃኒት አለ» አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1935 ሲቋቋም ጦርነቱ በር ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈርን በቦምብ ደበደቡ። ስምምነቱን የፈረመ መንግሥት ነው ያንን ያደረገው። ምልክቱ ያኔ የተጣሰው በክፋት ነው፤ እኛ ግን በቸልታ እናደክመዋለን። መስቀሉ ሁሉም ሱቅ ላይ ካለ፣ ግጭት ባለበት ቀን አንድ ወጣት ወታደር አምቡላንስ ላይ ሲያየው የሚያስታውሰው የፓራሲታሞል ሱቅ ነው። በአውሮፓ ብዙ መድኃኒት ቤቶች አረንጓዴ መስቀል ይሰቅላሉ። ባለ መድኃኒት ቤቶች ዛሬ እዚህ ካላችሁ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ቀለም ነው የምለምናችሁ።

ሁለተኛው በከተማችን ዳርቻ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ለፈረሳ በሚታሰብ ቤት በር ወይም ግድግዳ ላይ የሚቀባው ቀይ ኤክስ። ስለ ማፍረሱ ትክክል መሆን አለመሆን ዛሬ አላወራም፤ እሱ ሌላ መድረክ ይፈልጋል። የማወራው ከቀለሙ እስከ ዶዘሩ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚሆነው ነው።

ቀለም ግድግዳ አያፈርስም። ግን የተቀባ ቤት ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ባለቤቱ የሚያፈሰውን ጣሪያ መድፈን ይተዋል፤ «ለሚፈርስ ቤት!» ይላል። ተከራዩ ሌላ ቤት ያፈላልጋል። ባለ ሱቁ ዱቤ ይከለክላል፤ የሚሄድን ሰው ማን ያበድራል? ልጅ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ታስቦ ሳይዛወር ይንጠለጠላል። ዕድር ላይ እንኳ ሰውየው የሚናገረው ሐሳብ እንደ እንግዳ ሐሳብ ይቆጠራል። ወራት ሲያልፉ ቤቱ በእርግጥ የሚፈርስ ቤት ይመስላል። ከዚያ አላፊ አግዳሚው «ይኼማ መፍረስ አለበት» ይላል። ዶዘሩ ሳይመጣ ግማሹን ሥራ ቀለሙ ሠራው፤ ሠሪዎቹም እኛ ነን፣ ባለ ሱቁ፣ ተከራዩ፣ ጎረቤቱ።

ተቃራኒውም አለ። እርሻ መሬት ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ችካል ተክለው ይሄዳሉ። ማን እንደላካቸው የጠየቀ የለም። በሳምንቱ ደላላው «መንገድ ሊወጣበት ነው» ይላል፤ ዋጋው ይወጣል፤ ገበሬው የማያውቀው ዋጋ ተጠርቶለት ይሸጣል፣ ገዢውም የማያውቀውን መንገድ ገዝቶ ይቀመጣል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተንቀሳቀሰው በአንድ የባሕር ዛፍ ችካል ላይ ነው።

የነጠላዋን እናት አለመጠየቅ ደግነት ነው ብያለሁ። ኤክሱንና ችካሉን አለመጠየቅ ግን ቤትና ጥሪት ያስወጣል። ጠላ ፈልጎ የገባ ሰው ቢሳሳት «ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። ቤቱን የሸጠ ሰው ተሳስቼ ነበር ብሎ አይመለስም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር የሚያበቃው። ጥያቄ ስለነበረ እሱንም ልጻፈው።

ከኋላ የተቀመጠ ወጣት «መምህር፣ እኛ ግቢ ኤክስ ከተቀባ ዓመት አልፎታል። እናቴ በኖራ እንቀባው ትላለች፣ አባቴ ወንጀል ነው ይላል። ብንቀባውስ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም።

እንዲህ አልኩት። ወንድሜ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ካለ፣ ያለው ቢሮ ውስጥ መዝገብ ላይ ነው። ኖራው መዝገቡን አይሽረውም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታችሁን ወይም ያላችሁን የይዞታ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ኤክሱን የቀባው የትኛው ክፍል ነው? በየትኛው ደብዳቤ፣ በስንት ቀን? ቤታችን ዝርዝሩ ውስጥ በስም አለ ወይ? ካለ ካሣና ምትክ ቦታ ይገባናል ወይስ አይገባንም? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ካገኛችሁ አንድ ቅጂ ለተከራያችሁ፣ አንድ ቅጂ ለባለ ሱቁ አሳዩ፤ እነሱም ከቀለሙ ሳይሆን ከደብዳቤው እንዲነሡ። ደብዳቤ የለም ከተባላችሁ ደግሞ «የለም» የሚለውን አስጽፉ። ጣሪያውን እስከዚያው ድፈኑት፤ ክረምት ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ብትቀቡት ባትቀቡት የአባትህና የእናትህ ጉዳይ ነው።